ቦርከናና ሚሌ

ሻርጃ፣ ነሐሴ፣ ከሌሊቱ ስድስት፤
በኔ ሰዓት ማለቴ ነው፣ የግድግዳው አንድ ይላል።
የመስኮቱ መስተዋት በውጭ በኩል አልቦታል።
ከኅትመት ቤታችን በር በላይ ካለው መብራት
«ትርጉም» የሚለው ብቻ ቀርቷል፣
«ማኅተም» የሚለው ከጠፋ ሰነበተ፤
ኡስታዝ ሙዕተሲም «ነገ» እያለ
ነገ ሰባት ወር ሞላው።

ሁለት ኮምፒውተር አለን፤ ሁለቱም ሊኑክስ ናቸው።
ስም ያወጣሁ እኔ ነኝ፣ ክርስትና ያነሣኋቸው፦
የፋይሉ ጎተራ፣ ጥግ ላይ የሚያጉረመርመው፣ ቦርከና፤
ከማተሚያው ጎን ያለው ቀልጣፋው፣ ሚሌ።
«ምንድን ናቸው?» አለኝ ቢጁ፣ የኬረላው ልጅ።
«ወንዞች።»
«ይገናኛሉ እንዴ?»
«አዋሽ ላይ፤ ባሕር ግን አይደርሱም።»

ዛሬ ቀን መብራት ሄዶ ከመጣ ጀምሮ
ወንዝ ከወንዝ ተኳርፏል፤
ሚሌ ላይ ፎልደሩ ባዶ፣ እንደ ታጠበ ማሰሮ።
ሲነጋ ደግሞ ባለጉዳይ አለ፦
አርባ ሁለት ውል፣ የአርባ ሁለት ሠራተኛ፣
ሦስት ቀን ወደ አማርኛ የመለስኩት፣
ቦርከና ሆድ ውስጥ የተኛ።

ከገመዱ ጀመርኩ። ችግር ሲፈለግ
ከእግር ነው፣ ራስ ላይ አይወጣም።
ሶኬቱን ነቅዬ ሰካሁ፤ አረንጓዴዋ መብራት ጠቀሰችኝ።
ፒንግ ብዬ ጠራሁት፦
አቤት፣ አለ። አቤት። አቤት። አቤት።
ሰውየው ቤት አለ፤ በሩ ነው ያልተከፈተ።

ፋየርዎሉን ፈተሽኩ፤ ዘበኛው ንጹሕ ነው።
የተፈቀደላቸውን ዝርዝር ቦርከና ላይ አነበብኩ፦
አንድ አድራሻ ብቻ፣ መጨረሻው አሥራ አራት።
ሚሌ ግን መብራቱ ሲመለስ ራውተሩ አዲስ ቤት ሰጥቶት
አርባ አንድ ላይ ተቀምጧል።
ለካ እሱም እንደኔ ተከራይ ነው፤
ቤት መቀየሩን ለዘበኛው የነገረለት የለም።
አስተካከልኩ። ፎልደሩ መጣ። ውሎቹ ተደርድረው ታዩኝ።
እጄን ብዘረጋ፦
«ፈቃድ ተከልክሏል።»

ይህን ዐረፍተ ነገር ዐውቀዋለሁ፤
በአረብኛም በማኅተምም አንብቤዋለሁ።
ማሽን ሲለው ግን ትንሽ ይሻላል፤
ማሽን ምክንያት አለው።

ባለቤቱን አሳየኝ አልኩት። አሳየኝ፦
አርባ ሁለቱም ውል፣ ባለቤት ቢጁ።
ቢጁ! ሀን ከለ የማይለየው!
ደወልኩለት። እንቅልፍ ባጣበቀው ድምፅ ሣቀ፤
«ባለፈው ሳምንት ሚሌን እንደ አዲስ ስጭን
መጀመሪያ ራሴን መዘገብኩ፣ ቀጥሎ አንቺን።»

ገባኝ።
ቦርከና ላይ ረውዳ አንድ ሺህ ናት፣
ሚሌ ላይ ረውዳ አንድ ሺህ አንድ፤
እዚህ አንድ ሺህ ቢጁ ነው።
ማሽኑ ስም አያይም፤ በቁጥርሽ ነው የሚያውቅሽ።

«ከቸኮልሽ በኔ ስም ግቢ» አለኝ፣
የይለፍ ቃሉንም ነገረኝ፣ የልጁ የልደት ቀን።

በሰው ስም ግቢ።
ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ሐርቡ ላይ አንድ ደላላ
«ይመኙሻል ለሚል ስም ቪዛ ቶሎ አይወጣም» ብሎ
ረውዳ አደረገኝ፤ ዕድሜዬም ላይ ሦስት ዓመት፣
እንደ ገበያ ምርቃት።
አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ስሜ ሲጠራ
ዘወር ብዬ ሌላ ሰው ፈለግሁ።
«ግድ የለም፣ ተኛ» አልኩት ቢጁን።
አንዴ ይበቃኛል።

ከዚያ በኋላ ሥራው አጭር ነበር።
ሚሌ ላይ ያለችውን ረውዳ ሰረዝኩ፤ ሁለት መስመር፣ ያለ ልቅሶ።
ቢጁን ወደ አንድ ሺህ አንድ አሻገርኩ፤
የለቀቀውን ቁጥር ወሰድኩ።
«የተጠቃሚ ስም?» የሚለው ጋ ስደርስ
ጣቶቼ «ረ» ብለው ቆሙ።
የሚያየው ቁጥር ከሆነ፣
ማንን ይጎዳል?
ይመኙሻል፣ ብዬ ጻፍኩ።

ተከፈቱ። ማተሚያው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።
ባለቤት ይመኙሻል፣ ባለቤት ይመኙሻል፣
አርባ ሁለት ጊዜ፣ ከላይ እስከ ታች።
ከእናቴ ወዲህ ይህን ያህል የጠራኝ የለም።
ቦርከና ላይ ብታዩ ግን አሁንም ረውዳ ናት፤
ያው ፋይል፣ ያው ቁጥር፣ ያው አዋሽ።

ጠዋት ኡስታዝ ሙዕተሲም ከበሩ ሳይገባ
«ያ ረውዳ!» ብሎ ተጣራ።
አቤት፣ አልኩ፣
እንደ ቦርከና።